ዘንዶ ሁሉ አንድ አይደለም



በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር የባዮሎጂ ክበባችን ባደረገው ስብሰባ ላይ አንድ ያልታሰበ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በቆላ አገር ዘመዶች ያሉት አንድ ጓደኛችን ከመቀመጫው ተነሣና «ዘመዶቼ የዘንዶ ልጅ ይዘው ሊልኩልኝ ፈቃደኞች ናቸው፤ በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ በሣጥን አድርገን ብናሳድገው ለትምህርትም ለእንግዳ ማሳያም ይሆነናል» ሲል ተናገረ። ግማሹ ተማሪ አጨበጨበ፤ ግማሹም «በስመ አብ!» እያለ አማተበ። ክበቡን የሚመሩት መምህራችን ግን ነገሩ በጭብጨባም ሆነ በፍርሃት እንዳይወሰን ፈለጉ። ባለፈው ክረምት ዘንዶ በሚያድግበት ቤት መሰንበቴን ሰምተው ነበርና፣ ያየሁትንና ያነበብሁትን ለመጽሔታችን ጽፌ እንዳቀርብ አዘዙኝ። እኔም ትእዛዛቸውን ተቀብዬ እንደሚከተለው ጽፌአለሁ።

በአገራችን «ዘንዶ» የሚለው ቃል ሲጠራ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውን ዘንዶ የማያውቅ ሕፃን የለም። አክሱምን ይገዛ ነበር ስለሚባለው ስለ አርዌም ከአያቶቻችን ሰምተናል። በሌላ በኩል ደግሞ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው፣ ጅራቱን እንደ ገመድ ያንጠለጠለ ዘንዶ እንደ ነበር ይተረካል። እንግዲህ ዘንዶ በአባቶቻችን ዘንድ ጠላትም አገልጋይም ሆኖ ይታያል ማለት ነው። እኔ የምጽፈው ግን ሥጋና አጥንት ስላለው፣ አይጥ ስለሚበላውና እንቁላል ስለሚጥለው እንስሳ ነው።

ከሙዳይ ጋር እንዴት እንደ ተዋወቅሁ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ወደምትኖረው አክስቴ ቤት ሄጄ ሁለት ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። በደረስሁበት ማታ «ና፣ ሙዳይን ላሳይህ» ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ወሰደኝ። ሙዳይ ሲለኝ ስፌት መስሎኝ ነበር። በአንድ ትልቅ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ክብ ሆኖ በላይ በላዩ የተደራረበ፣ ጥቁር ቡናማና ወርቃማ ቀለም የተፈራረቀበት ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሙዳዩ ምላሱን አወጣ። በዚያን ጊዜ አልጋው ላይ እንዴት እንደ ዘለልሁ እኔ ራሴ አላውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁት ልጥ አልነበረም።

አክስቴ ከበር ወዲህ ማዶ ቆመው እየሣቁ «አይዞህ፣ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ደፍ አልፌ አላውቅም። ቡና ወደማፈላበት ቤት ብቻ እንዳይመጣ ከልጄ ጋር ውል አለን» አሉኝ።

በማግሥቱ ልጁ ሙዳይን አውጥቶ በክንዱ ላይ አኖራት። ቆዳዋ እንደማስበው የሚያሙለጨልጭና እርጥብ አልነበረም፤ ደረቅና ልስልስ ነው። በሲባጎ ብንለካት አንድ ሜትር ከሃያ ሆነች፤ በሚዛንም አንድ ኪሎ ተኩል መዘነች። በሳምንቱ እኔም ያዝኋት። ፍርሃቴ በዚያው ጠፋ፤ እውቀት ግን ገና አልነበረኝም። ፍርሃት የሌለው አላዋቂ ምን እንደሚያጠፋ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዘንዶ ምንድን ነው?

የእባብ ሊቃውንት ዘንዶ የሚሉት አንድ እባብ ሳይሆን በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የሚኖር፣ አርባ ያህል ዐይነቶች ያሉት አንድ ወገን ነው። በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩት አናኮንዳና ቦአ የሚባሉት ታላላቅ እባቦች መልካቸው ዘንዶን ቢመስልም ከሌላ ወገን ናቸው። ቀላሉ መለያቸው አወላለዳቸው ነው። ዘንዶ እንቁላል ይጥላል፤ አናኮንዳ ግን ነፍስ ያላቸው ልጆች ይወልዳል፤ ከቦአዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው።

ዘንዶ መርዝ የለውም። ወደ ኋላ የቀለሱ ሹል ጥርሶች ግን አሉት። ያደነውን በእነዚህ ጥርሶች ይነክስና ወዲያው ሰውነቱን ጠምጥሞ ያጠብቅበታል። ቀድሞ እንስሳው የሚሞተው ትንፋሽ አጥሮት ብቻ ነው ይባል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ፣ በቦአ ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ጥምጠማው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የደም ዝውውርን እንደሚያግድ አሳይቷል። ካደነው በኋላ አያኝክም፤ እንዳለ ይውጠዋል። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ በአጥንት ያልተጋጠመ፣ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ከራሱ የሚሰፋውን እንስሳ ሊውጥ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ በከንፈሩ ላይ በተርታ የሚታዩት ትናንሽ ጉድጓዶች ናቸው። በእነዚህ ጉድጓዶች ዘንዶው ደም ሙቅ የሆነ እንስሳን ሙቀት በጨለማ ያውቃል። ዐይኑ ባያይም አይጧ ወዴት እንዳለች ከንፈሩ ይነግረዋል ማለት ነው። ደግሞም በሰውነቱ መጨረሻ፣ ጅራቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ በግራና በቀኝ እንደ ጥፍር ያሉ ሁለት ሹሎች አሉት። እነዚህ የጥንት እግሮቹ ቅሪት ናቸው። «እባብ እግር የለውም» የምንለው እንግዲህ ለዘንዶ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

ስለ እናትነቱም ጥቂት ልበል። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላላቸውን ወይም ልጆቻቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሴት ዘንዶ ግን እንቁላሎቿን ሰብስባ በላያቸው ትጠመጠማለች። የበርማ ዘንዶ ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ፈጥራ እንቁላሎቿን ከአካባቢው አየር በጥቂት ዲግሪዎች አስበልጣ ታሞቃለች። በደቡብ አፍሪካ የምትኖረው ዘንዶም በጉድጓዷ አፍ ፀሐይ ትሞቅና ተመልሳ በእንቁላሎቿ ላይ ትጠመጠማለች፤ ፀሐይ ይበልጥ እንድትስብም በዚያ ወራት ቆዳዋ ይጠቁራል። ልጆቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አብራቸው እንደምትቆይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናት አስረድቷል።

ልዩ ልዩ የዘንዶ ዐይነቶች

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሻ ሁሉ ውሻ ቢሆንም በግ ጠባቂውንና የእቅፍ ውሻውን አንድ አድርጎ የሚቆጥር የለም። ዘንዶንም እንዲሁ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ሙዳይ የምትመደብበት ነው። በሳይንስ ስሙ «የንጉሥ ዘንዶ» ይባላል። አሳዳጊዎች ግን «ቦል ፓይተን»፣ ማለትም የኳስ ዘንዶ፣ ይሉታል። ይህን ስም ያገኘው ሲፈራ ከመናከስ ይልቅ ራሱን በመካከል ደብቆ እንደ ጨርቅ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ጊዜ የሚጥለው እንቁላልም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ይሆናል። በቤኒን አገር በኡዊዳ ከተማ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ የሚባል አለ፤ በዚያ የሚኖሩት የዚህ ዐይነት ዘንዶዎች ናቸው። ከተማው ውስጥ ሲንከራተት የተገኘ ዘንዶ በክብር ተይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ አይገደልም። ከሰው ጋር መኖርን በተመለከተ ከዚህ የሚቀል ዘንዶ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ የዐለት ዘንዶ ነው። በአህጉራችን ካሉት እባቦች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ በኢትዮጵያ ቆላዎችም የሚኖረው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሆናል። ሚዳቋን የመሰለ እንስሳ ሊውጥ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 50 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጥላል። ጠባዩም እንደ ኳሱ ዘንዶ አይደለም፤ ሲይዙት ይቆጣል፤ ይናከሳልም። ጓደኛችን እናሳድገው ያለው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው የበርማ ዘንዶ ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ቀለሙ ያማረ፣ ጠባዩ ከዐለቱ ዘንዶ ይልቅ የለዘበ ነው። መጠኑ ግን እስከ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

አራተኛው ባለ መረቡ ዘንዶ ነው። ቆዳው ላይ እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ያለ ምልክት አለው። በዓለም ላይ ካሉ እባቦች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ የነበረች አንዲት ባለ መረብ ዘንዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ስትለካ 7.67 ሜትር ሆናለች።

አምስተኛው አረንጓዴው የዛፍ ዘንዶ ነው። በኒው ጊኒ ደሴትና በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ይገኛል። ሲፈለፈል ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ሲያድግ ቅጠል ይመስላል። በቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይውላል። ለዐይን እንጂ ለእጅ አይሆንም፤ ሲነካኩት አይወድም።

በአውስትራሊያ ደግሞ ሌሎች ብዙ አሉ። በቆዳው ጌጥ ምክንያት የሥጋጃ ስም የተሰጠው ዘንዶ አለ። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚኖር፣ በኩይሳ ውስጥ የሚጠለል፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ከዘንዶ ሁሉ የሚያንስም አለ። ባለ ጥቁር ራሱ ዘንዶ ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው በከንፈር ላይ ያሉት ጉድጓዶች የሉትም፤ ሌሎች እባቦችንና እንሽላሊቶችን በብዛት ስለሚበላ ሙቀት ፈላጊ ከንፈር እምብዛም አያስፈልገውም ይባላል።

እንግዲህ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 7 ሜትር ተኩል፣ ከኩይሳ ነዋሪ እስከ ዛፍ ነዋሪ፣ ሁሉም ዘንዶ ይባላል። አንድ ሰው «ዘንዶ አሳድጋለሁ» ቢል «የቱን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ እንዴት ያድጋል?

የኳስ ዘንዶን ለማሳደግ የሚያስፈልገውን ከአክስቴ ልጅ እንደ ተማርሁት ላስረዳ። ለአዋቂ ዘንዶ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ስፋቱና ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ መክደኛው የሚቈለፍ ሣጥን ይዘጋጃል። ቍልፍ የሚያስፈልገው ዘንዶ ክፍተት እየፈለገ በማምለጥ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። ሣጥኑ ሁለት አገር ያለው መሆን አለበት፤ በአንድ ወገን ቆላ፣ በአንድ ወገን ወይናደጋ። በሞቃቱ በኩል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በቀዝቃዛው በኩል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሆናል። ዘንዶ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ከውስጡ አያገኝም፤ ሲበርደው ወደ ሙቀቱ፣ ሲሞቀው ወደ ቅዝቃዜው ይሳባል። ሁለቱንም ካላገኘ ይታመማል፤ ካልሞቀውም የበላውን መፍጨት አይችልም።

በሁለቱም ወገን ገብቶ የሚደበቅበት ጠባብ ዋሻ ይደረግለታል። መደበቂያ የሌለው ዘንዶ ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ዘንዶም አይበላም። ንጹሕ ውሃ ዘወትር አይታጣም። አየሩ በጣም እንዳይደርቅም ይጠበቃል፤ ከደረቀ ቆዳውን ሲለውጥ ይቸገራል። ቆዳ የሚለውጥበት ቀን ሲቀርብ ዐይኑ እንደ ጭጋግ ሰማያዊ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ በደንብ ስለማያይ አይነካም። ጤነኛ ከሆነ ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድነት ይወጣል።

ምግቡ አይጥ ነው። አሳዳጊዎች በበረዶ ቤት የተቀመጠ የሞተ አይጥ ገዝተው፣ አሙቀው በረጅም መቆንጠጫ ይሰጡታል። ሕያው አይጥ ዘንዶውን ሊነክሰውና ሊያቈስለው ይችላልና አይመከርም። ትንሹ በየሳምንቱ፣ ትልቁ ግን በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል አይነካም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወራት ሙሉ ይጾማል። ሙዳይ በአንድ ክረምት አራት ወር ጾማ እንደ ነበር ሰማሁ። አክስቴ ይህን ሲያስታውሱ «ከእኔ የበለጠች ጿሚ ናት፤ ግን ፋሲካዋ መቼ እንደ ሆነ አይታወቅም» ይላሉ።

ዘንዶን የነካ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። እንደነዚህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሆድ የሚያሳምም ጀርም በቆዳቸው ላይ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህም ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን መስጠት አይገባም።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ዕድሜው ነው። የኳስ ዘንዶ በሚገባ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የአራዊት ማቆያ ከ1961 ጀምሮ የነበረች አንዲት የኳስ ዘንዶ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰባት እንቁላል ጥላለች። ዕድሜዋ በዚያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ እንደ ሆነ ተገምቷል፤ ለብዙ ዓመታትም ከወንድ ጋር አልተገናኘችም ነበር። በ15 ዓመቱ ዘንዶ የሚገዛ ልጅ እንግዲህ ልጆች ወልዶ እስኪያሳድግ ድረስ የሚቆይ ኀላፊነት መግዛቱ ነው።

የእኔ ጥፋት

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በነሐሴ ወር የአክስቴ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር ለአምስት ቀን ወደ ገጠር ሄደና ሙዳይን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ብነካት ቀዘቀዘችብኝ። ከሣጥኑ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ አለ፤ ምንጣፉም ቴርሞስታት ከሚባል የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ተያይዟል። ይህ መሣሪያ እየዘጋ እየከፈተ ሙቀቱን ይመጥናል። እኔ ግን መሣሪያው ሙቀት የከለከላት መሰለኝ። «ምስኪን በረዳት!» ብዬ የምንጣፉን ገመድ ከመቆጣጠሪያው ነቅዬ በቀጥታ ከግድግዳው ሰካሁት። ነገሩን ሁሉ ያደረግሁት በርኅራኄ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሳያት ከሆዷ በታች ያሉት ቅርፊቶች ቀልተዋል፤ በአንድ ቦታም ውሃ ቋጥሯል። ዘንዶ ከላይ የሚመጣን ሙቀት እንደሚሸሽ ሁሉ ከሥሩ ከሚያቃጥለው ነገር ሁልጊዜ ፈጥኖ አይነሣም። ይህ በአሳዳጊዎች ዘንድ የታወቀ አደጋ ነው፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሙዳይ ቀዝቅዛ የነበረው መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን ራሷ ፈልጋ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ስለ ሄደች ነበር።

እየተንቀጠቀጥሁ ወደ አክስቴ ሮጥሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደፉን ያልተሻገሩት አክስቴ ቃል ሳይናገሩ ገቡ። ሙዳይን በትንሽ ሣጥን አድርጌ ሳወጣት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሣጥኑን ሸፈኑትና መኪናቸውን አስነሥተው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱን። ሐኪሟ ቍስሉን አጥባ ቅባት አደረገችለት፤ እስኪድን ድረስም በንጹሕ ወረቀት ላይ እንድትተኛ አዘዘች። የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሱ ግን ሙዳይን ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየና «ይህን አድርግ አልሁህ እንጂ ለምን እንደሚደረግ አልነገርሁህም» አለኝ። የሕክምናው ዋጋ ከጠራቀመው ገንዘብ ላይ ተከፈለ። ሙዳይ ሁለት ጊዜ ቆዳዋን ከለወጠች በኋላ ቍስሉ ሽሮላታል፤ ጠባሳው ግን አለ። ጠባሳውን ባሰብሁ ቍጥር፣ ለእንስሳ ማዘን ብቻውን እንደማይበቃ አስታውሳለሁ።

በነፃ የመጣው ዘንዶ

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ «ሦስት ሜትር የሆነ የበርማ ዘንዶ አለኝ፤ ቤታችን አልበቃው አለ፤ በነፃ ውሰደው» አለው። የአክስቴ ልጅ ትልቅ ዘንዶ ሲመኝ የኖረ ነውና ዐይኑ በራ። ይሁን እንጂ ከሙዳይ ቍስል በኋላ ሁለታችንም ሳናነብ ላለመወሰን ተስማማን፤ ስለዚህ ተቀምጠን አነበብን።

ያነበብነው ይህ ነው። የበርማ ዘንዶ ሲፈለፈል አንድ ክንድ ያህል ነው፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ከሰው ቁመት በጣም ይበልጣል። በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ሰዎች እያሳደጉ ሲከብዷቸው ወደ ረግረጉ የለቀቋቸውና ያመለጡ የበርማ ዘንዶዎች ኤቨርግሌድስ በሚባለው ታላቅ ረግረግ ውስጥ ተዋልደው እንደሚኖሩ በ2000 ታወቀ። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እነርሱ በብዛት በሰፈሩበት ስፍራ በመንገድ ላይ የሚታዩት ራኩን የሚባሉት እንስሳት ከመቶ 99 እጅ ያህል ቀንሰዋል፤ ኦፖሰም የሚባሉትም እንዲሁ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የበርማ ዘንዶና የአፍሪካ የዐለት ዘንዶ ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። በሐምሌ 2023 በፍሎሪዳ የተያዘ አንድ የበርማ ዘንዶ ርዝመቱ 5.8 ሜትር ነበር። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘንዶዎቹ ያደረጉት የተፈጠሩበትን ነው፤ ጥፋቱ ልጅ ሆነው የገዟቸው፣ ሲያድጉ የጣሏቸው ሰዎች ነው። የአክስቴ ልጅም ስጦታውን አልተቀበለም። ጓደኛው በረግረግ ወይም በጫካ እንዳይጥለው ግን አብሮት ሆኖ እንደነዚህ ያሉ እንስሳት የሚቀበል መጠለያ እስኪያገኝ ድረስ ደከመለት።

ስለ ክበባችን ሐሳብ

አሁን ወደ ጓደኛችን ሐሳብ ልመለስ። ሐሳቡን ያመጣው ለእውቀት ፈልጎ ነውና አመሰግነዋለሁ። በበኩሌ ግን «አይሆንም» እላለሁ፤ ምክንያቶቼም እነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የሚመጣልን የኳስ ዘንዶ አይደለም፤ የዐለት ዘንዶ ነው። ዛሬ አንድ ክንድ የሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ብቻቸውን የማይችሉት ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2013 በካናዳ አገር በኒው ብራንስዊክ አንድ የዐለት ዘንዶ ከማቆያው አምልጦ በተኙበት የ4 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾችን ገድሏል። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ቢሆንም፣ ብዙ ልጆች በሚውሉበት ግቢ ጥቂት ማለት በቂ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እርሱ የቆላ እንስሳ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለበት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርዱን ሁላችንም እናውቃለን። ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ካልተጠበቀ አይኖርም፤ መብራት በጠፋ ቍጥርም ሕይወቱ በጥርጣሬ ላይ ነው። ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋስ ማን ይመግበዋል? እኔ ለአምስት ቀን እንኳ አደራዬን አልጠበቅሁም።

ሦስተኛ፣ በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ክልክል ነው። ሕግን እየጣሱ ሳይንስ መማር ደግሞ ለክበባችን አይገባም።

አራተኛ፣ ዘንዶው በቦታው ሥራ አለው። በቆላው እርሻ ዳር አይጥን ይበላል፤ ከአካባቢው ነቅለን ብንወስደው ሥራውን የሚሠራለት የለም። ለጓደኛችን ዘመዶች የምንልከው መልእክት «ያዙልን» ሳይሆን «አትግደሉት፤ ልጆችን አርቁና እርሱ እስኪሄድ ተዉት» የሚል ቢሆን ይሻላል።

ታዲያ ክበባችን ባዶ እጁን ይቅር አልልም። ከቨርጂንያ ስመለስ ሙዳይን የለካንበትን ሲባጎ ይዤ መጥቻለሁ፤ 1.20 ሜትር ነው። ከመርካቶ ደግሞ 5 ሜትር ገመድ ገዛሁ። ሁለቱንም በመምህራችን ፈቃድ በባዮሎጂ ክፍል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቻቸዋለሁ። ገመዱ ከጥቁር ሰሌዳው አልፎ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ሐሳቡን ያቀረበው ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት መጥቶ ከገመዱ ሥር ከዳር እስከ ዳር በርምጃ ለካውና ዝም ብሎ ጥቂት ቆመ። ከዚያም «ሣጥኑ እዚህ ክፍል አይገባም» አለ።

ውድ ጓደኞቼ፣ በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እናንተም በዚያ በኩል እለፉና ሁለቱን ገመዶች እዩ። ከዚያ በኋላ የፈቀዳችሁትን ወስኑ።